ዘጠነኛው የናስ እግር

ልብስ ስገዛ ከመልበሴ በፊት ገልብጬ ስፌቱን አያለሁ። ጫማ ስገዛ ሶሉን አጥፌ እፈትሻለሁ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ እንቁላል ወደ ፀሐይ አንስቼ በብርሃን ሳይ ሻጯ አይታኝ፣ «ወንድሜ፣ ዶሮዋን ላምጣልህና ራሷን ጠይቃት» ብላኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ኮምፒውተር ሲያስፈልገው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያቅታችሁም። ቢሆንም እንዴት እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ደብረ ታቦር ውስጥ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ተሠራጭቷል፤ ሲሠራጭም ብዙ ነገር ተጨምሮበታል። በቅሎ ኮምፒውተር ጠገነች የሚለው ውሸት ነው። የጠገነው በቅሎዋ ሳትሆን ባለቤቷ ነው።

ነገሩ የጀመረው በየኔታ ነው። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህሬ ናቸው። ቅኔና ሰዋስው ሲያስተምሩ የኖሩበት አንዲት ቀጭን ደብተር አለቻቸው፤ ጽሕፈቷ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ጠርዟ በእጅ ብዛት የጠቆረ። ዓይናቸው ሞራ ጋርዶት ሰኞ ጧት ወደ ባሕር ዳር ለሕክምና ሊሄዱ ቀጠሮ ነበራቸው። ከመሄዳቸው በፊት ባለው ሳምንት ደብተሯን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ቤታችን መጡ።

«ልጄ፣ ሐኪሞቹ ሞራውን ገፈን እናሳይሃለን ይላሉ፤ የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ግን ሳልሄድ ይህችን በገዛ ዓይኔ አንብቤ፣ አርሜ ልሂድ። እዚህ ላይ ያለው ጽሕፈት ጉንዳን ሆኖብኛል። እንደ ባቄላ እንደ ባቄላ አድርገህ ጻፍልኝ።»

ቀደም ሲል ከተማ ውስጥ አንድ ቦታ አስጽፈው ነበር። የተጻፈላቸውን ሲያነቡ ግሱ ከስሙ፣ ስሙ ከግሱ ተደባልቆ አገኙትና ከዚያ ወዲህ ደብተሯን ከእኔ በቀር ለማንም እንደማይሰጡ ማሉ። እኔ ደግሞ ሀን ከሐ ለይቼ ፊደል በመምረጥ የታወቅሁ ነኝ፤ መምረጥ ያስተማረኝም የእሳቸው አለንጋ ነው።

የቀረኝ ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር። እሱን ለማግኘት ወደ ጓደኛዬ ወደ ስማቸው ሱቅ ሄድኩ። ስማቸው አብሮ አደጌ ነው፤ ተገጣጥመው ያለቁ ኮምፒውተሮችን ይሸጣል፤ ሲያየኝም «ኢንጂነር!» እያለ ይጠራኛል። ኢንጂነር አይደለሁም። የተበላሹ ኮምፒውተሮችን እየፈታሁና በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንዱን አወጣልኝ፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሳጥን። እኔም መፍቻ ጠየቅሁት።

«ለምን?»

«ውስጡን ላየው።»

«በግ ስትገዛ አርደህ አይተህ ነው?»

«ላቱን ግን እጨብጣለሁ።»

«በል፣ ላቱን ፈልገህ ጨብጥ» ብሎ መፍቻውን ወረወረልኝ።

ከፈትኩት። ውጭው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለውና ውስጡ ያለው የተዋወቁ አይመስሉም። አቧራው ቢዘራ ገብስ ያበቅላል። ሽፋኑን ከያዙት አራት ብሎኖች አንዱ ደግሞ የወንበር ብሎን ነበር።

«ስማቸው፣ ይሄ የወንበር ብሎን ነው።»

«ኮምፒውተሩ ይሠራል አይሠራም?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ የወንበር ብሎን ነው።»

እንግዲህ እኔና ስማቸው የተለያየነው እዚህ ላይ ነው። እሱ የሚሠራ ነገር ይበቃዋል። እኔ ደግሞ የወንበር ብሎን ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሰዋስው ብጽፍ ግሱ ሁሉ የሚቀመጥ እየመሰለኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። የራሴን እሠራለሁ ብዬ ወጣሁ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ፣ ሞዴላቸውን ሳይቀር እየመረጥኩ ከአዲስ አበባ አዘዝኩ።

የኔታ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም።

«ከሱቅ ግዛና ገላግለኝ እንጂ። ብርዑ ከየትኛው መቃ እንደተቆረጠ ለፊደሉ ምኑ ነው?»

«የኔታ፣ እርስዎ ብርዕዎን ራስዎ አይደሉ እንዴ የሚቀርጹት?»

ሳቁ። «ደፋር! በል ቅረጽ። ሰኞን ግን አትርሳ።»

ዕቃው ማክሰኞ ማታ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ከሁለት ጆንያ ሽንኩርት ሥር ደረሰ። እያንዳንዱን ከፍቼ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ማዘርቦርዱን፣ ማለትም ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበትን ሰፊ ሰሌዳ፣ ከነብርማ ላስቲኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተኛሁ። ጧት ስነሳ የለም። ዞር ስል አልጋዬ ግርጌ ላይ አንድ የተጠቀለለ ባና አየሁ፤ የጉና በግ ጠጉር የተፈተለበት፣ እናቴ ለብርድ ብቻ የምታወጣው ወፍራም ባና።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሌሊቱን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። አንተ ተጀቡነህ ተኝተህ እሱ ራቁቱን ሲያድር አንጀቴ አልቻለም። ላስቲኩንም አውልቄለታለሁ፤ እንዳያፍነው።»

ባናውን ስገልጠው ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። ደረቅ ሱፍ ሲፋተግ የሚረጨውን ብልጭታ ታውቁታላችሁ፤ ለሰው ትንሽ መቆንጠጥ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ግን መብረቅ ነው። ሆዴ ውስጥ አንድ ክስ ተጽፎ ማኅተም ተደረገበት።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሕግ አወጣሁ። ወደ ክፍሌ የሚገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ግቢው ውስጥ ያለውን የብረት የውኃ ቧንቧ በእጁ ይንካ፤ በልብሱ ላይ ያለው ብልጭታ ወደ መሬት ይወርዳል። «የሚገባ ሰው» ስል ራሴን ማለቴ ነበር። ነገር ግን እናቴ ወፍጮ ቤት «ልጄ ዛሬ ኮምፒውተር ይሠራል» ብላለች። እኛ አገር ደግሞ ሰው አንድ ነገር ሲሠራ ብቻውን አይተውም። ጎጆ ሲሆን ምሰሶ፣ አጨዳ ሲሆን ማጭድ ይዞ ይመጣል። ለኮምፒውተር ምን ተይዞ እንደሚመጣ ያወቀ ስላልነበረ እትዬ ዘውዴ ንፍሮ ይዛ መጣች። ከጉና ድንች በበቅሎ እያወረደ የሚሸጠው ጎረቤታችን አያ ዳኘው ደግሞ ጠፍር ይዞ መጣ።

«ጠፍሩ ለምንድን ነው፣ አያ ዳኘው?»

«የማይታሰር ሥራ አለ እንዴ?»

ቧንቧውን ንኩ አልኳቸው። እትዬ ዘውዴ ዝቅ ብላ ሳመችው፤ ግንባሯንም አስነካችው። ከኋላዋ የመጡት ጎረቤቶችም ያየችውን ያደርጋሉ እንጂ ምክንያት አይጠይቁም፤ ሁሉም ቧንቧውን ተሳልሞ ገባ። አንዷ ልጇን አቅፋ ስታሳልመው አየሁና ማስረዳቱን ተውኩት።

ክፍሏ ሞላች። አንገቴ ላይ የስድስት ሰው ትንፋሽ እየተሰማኝ ሥራ ጀመርኩ። ዕቃው ሁሉ የሚገባበት ባዶ ሳጥን ሰሌዳው የሚታሰርበት ዘጠኝ ቀዳዳ ነበረው፤ ከሳጥኑ ጋር የመጡ ዘጠኝ ትናንሽ የናስ እግሮችም ነበሩ። ሰሌዳው ብረቱን እንዳይነካ ከፍ አድርገው የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። እኔ ቀዳዳ ክፍት አልተውም። ዘጠኙንም አጠበቅኋቸው፤ በጣቴ እየነካሁ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ሰሌዳውን በላያቸው አስቀምጬ ብሎኖቹን ሳስር ስምንት ቦታ ብቻ አገኘሁ። አንድ ብሎን እጄ ላይ ቀረ። ብሎን ሲተርፈኝ ደስ አይለኝም። ግን ስድስት ሰው እያየኝ ነበርና «መለዋወጫ ነው» ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሁሉም ተሰክቶ አለቀ። ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰካሁ። እናቴ አማተበች። ቁልፉን ተጫንኩት። ማራገቢያው አንድ ጊዜ ዞር አለ። እልልታ! ከዚያ ቆመ። እልልታውም ከመሃሉ ተቆረጠ።

እንደገና ተጫንኩ። ዞር፤ ቆም። እንደገና። ዞር፤ ቆም።

«ደክሞት ይሆናል» አለች እትዬ ዘውዴ። «የመጣበት መንገድ ቀላል ነው?»

«ብርድ መትቶት ነው» አለ ሌላው። «ሦስት ቀን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስዳችሁ ብትነክሩት ይነሳል። የኔን ጉልበት እንኳ አስነስቶታል።»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ ሁሉ በላዬ የወረደ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው የማይረሳኝን ያደረግሁት። ወደ እናቴ ዞሬ በሰው ፊት፣ «ያን ባና ባታለብሺው ኖሮ! አንቺ ነሽ የገደልሽው!» አልኳት።

ሳቁ ጠፋ። እናቴ ንፍሮ የቀረበበትን ሰፌድ አነሳች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» አለችና ወጣች።

ጎረቤቱም አንድ በአንድ ተከትሏት ወጣ፤ ሲወጣ ደግሞ ቧንቧውን ተሳለመ።

ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ፈትቼ ገጠምኩ። ሚሞሪውን ከዚህ ነቅዬ ከዚያ ሰካሁ። ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን ብቻውን ሞከርኩት፤ ይሠራል። መልሼ ገጠምኩት፤ ዞር፣ ቆም። ከሰዓት በኋላ ስማቸው ያን የወንበር ብሎን ያለበትን ኮምፒውተር በባጃጅ ጭኖ መጣ።

«ኢንጂነር፣ ሰማሁ» አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን አላሾፈም። «ያንተ እስኪነሳ በዚህ ጻፍ። የኔታ የኔም የኔታ ናቸው። እኔንም ገርፈውኛል።»

ጥግ ላይ አስቀመጠው። ጥቁሩ ሳጥን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያየኝ ጀመር። እኔም ለራሴ ቀነ ገደብ ቆረጥኩ፤ እስከ ዓርብ ቀትር የኔ ካልሠራ በስማቸው ኮምፒውተር እጽፋለሁ። ኩራቴን መቅበር እችላለሁ፤ የየኔታን ሰኞ ግን መቅበር አልችልም። ከዓርብ ቀትር አንድ ደቂቃ ቀድሜ ግን እጄን አልሰጥም።

ዓርብ ጧት የኔታ በር ላይ ቆመው «እህ?» አሉ። «ነገ ማታ እጅዎ ይገባል» አልኳቸው። ምኑን ተማምኜ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ ሲሄዱ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ እንደነበር አየሁ። ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ቀትር ሊሆን ሲቃረብ አያ ዳኘው መጣ። ቧንቧውን ተሳልሞ ገባ።

«ተነሳ?»

«አልተነሳም።»

«ጭራሽ አይነሳም ነው ወይስ ተነስቶ ይተኛል?»

«ለአፍታ ይነሳና ይተኛል።»

«እህ!» አለና ተቀመጠ። «እንዲያ ከሆነስ በሽታ አይዶለም። የታመመች በቅሎ ጭራሽ አትነሳም። ተነስታ የምትተኛ ግን የሚቆረቁራት ነገር አለ። ከኮርቻው ሥር አይተሃል?»

«አያ ዳኘው፣ ይሄ በቅሎ አይደለም።»

«አይዶለም። በቅሎ ቢሆን እስካሁን ረግጦህ ነበር።»

«ሁሉንም ነገር አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ።»

«ላዩን ነው ያየኸው። እኔ የምልህ ሥሩን ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ጠጠር፣ ይቺን የምታህል፣ ከኮርቻው ግላስ ሥር ገብታ በቅሎዬን ግማሽ ቀን ጉና ላይ አስተኝታብኛለች። እኔ ሸክሙን እቀንሳለሁ፣ ሣር አቀርባለሁ፣ እለምናለሁ። ጠጠሯ ግን ከሥር ናት። እሺ፣ ይሄ ሰሌዳህ ምን ላይ ነው የተቀመጠ?»

«እግሮች ላይ።»

«ስንት?»

«ዘጠኝ።»

«ሰሌዳው ስንት ላይ ታሰረ?»

እጄ ሳላዝዘው ኪሴ ገባ። ብሎኑ እዚያው ነበር።

ስምንቱን ብሎኖች ፈታሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስፈታ የላዩን እየነቀልኩ እንጂ ሰሌዳውን ራሱን ከሳጥኑ አንስቼው አላውቅም ነበር። አነሳሁት። ስምንቱ የናስ እግሮች ስምንት ቀዳዳ ሥር ቆመዋል። ዘጠነኛው ግን ምንም ቀዳዳ በሌለበት፣ በሰሌዳው ሆድ ሥር ቆሞ ጀርባውን እየወጋው ነበር። ሳጥኑ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ለሌላ ዓይነት ሰሌዳም እንዲሆን ነው፤ የኔ ሰሌዳ የሚፈልገው ስምንት ነው። ናሱ የማይነካካውን አነካክቶ ኤሌክትሪኩን ያገናኘዋል፤ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን ደግሞ አደጋ ሲሰማው ራሱን ያጠፋል። ባናው ምንም አላደረገም። ያደረገው ክፍት ቀዳዳ ማየት የማይወደው ሰውዬ ነው።

ዘጠነኛውን እግር ነቀልኩት። አያ ዳኘው ሰሌዳውን ተቀብሎ ጀርባውን አገላብጦ አየ፤ የበቅሎ ገጣባ እንደሚፈልግ ሰው።

«ቆዳው አልተላጠም። ጫነው» አለ።

ጫንኩት። ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ፤ ዞረ፤ አሁንም ዞረ። ስክሪኑ በራ። አያ ዳኘው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ድምፁን አዳመጠና፣ «አሁን ሜዳም ዳገትም ይሄዳል» ብሎ ወደ ድንቹ ሄደ።

እናቴ ግቢ ውስጥ ብቅል እያሰጣች ነበር። አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ባናው አይደለም።»

ብቅሉን በእጇ እየበተነች፣ «ታዲያ ምን ኖሯል?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እሱንማ ከወለድኩህ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ጎረቤቶቹ ፊት ነበር የተናገርከኝ።»

«ነበር።»

«እንግዲያ ይሄንንም ጎረቤቶቹ ፊት ትናገራለህ።»

ተናገርኩ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ተናገርኩ። የበቅሎዋ ወሬ የተሠራጨው በዚህ ነው፤ ያሠራጨሁትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ጻፍኩ። ዓርብ ከሰዓትን ሙሉና ቅዳሜን ሙሉ ጻፍኩ። መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶብኛል፤ እኔ ግን በየመስመሩ መጨረሻ እያስቀመጥኩ ስለነበር የወሰደብኝ ግማሽ ግስ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አንድም ጊዜ አልተኛም። የጻፍኩትን ቅዳሜ ማታ ስማቸው ሱቅ አተምኩት፤ ጥቁሩን ሳጥንም መልሼ ወሰድኩለት። የወንበር ብሎኑን አውጥቼ፣ ኪሴ የቀረችውን የኔን ብሎን አስገብቼበት ነበር። ስማቸው አየውና ለማተሚያው ወረቀት ጨመረልኝ። ፊደሉ እንደ ባቄላ ስለሆነ ያቺ ቀጭን ደብተር የጡብ ውፍረት አከለች። የኔታ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ክብደቱን ሲያዩ፣ «ብሉይን ነው ወይስ ሐዲስን ጨምረህ ነው የጻፍከው?» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራቸውን ዘግተው ዋሉ።

ሰኞ ጧት መናኸሪያ ሄድኩ። የኔታ አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ከነደብተሯ በመስኮት አቀበሉኝ።

«አሥራ አራት ቦታ አርሜያለሁ» አሉ። «አሥራ ሁለቱ የኔ ናቸው። ይኸን ሁሉ ዘመን ለተማሪ ሳስተላልፈው የኖርኩት ስሕተት! ጽሕፈቱ ደቃቅ ስለሆነ ተደብቆኝ ኖሯል። አሁን እንደ ባቄላ ሲሆን ዓይኔ ላይ ተቀመጠ።» ፊታቸው ላይ ኀዘን ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት ግን አረሙን ነቅሎ የጨረሰ ገበሬ ፊት ነው። «ሁለቱ ግን ያንተ ናቸው።»

«ሊሆን አይችልም፣ የኔታ።»

«ክፈትና እይ።»

ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። እኔ እዚያው ቆሜ ደብተሯን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ። አንደኛውን አየሁ። ሁለተኛውን አየሁ። የኔ ናቸው።

«ስመለስ ታርሞ ላግኘው» አሉ የኔታ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ዓይንዎ…» አልኩ ከመስኮቱ ጎን እየተራመድኩ።

«ካየሁ አነበዋለሁ። ካላየሁ አንተ ታነብልኛለህ። ስሕተት ከተረፈበት በጆሮዬም አውቀዋለሁ፤ አለንጋውም አለ!»

አውቶቡሱ ወደ ባሕር ዳር ታጠፈ። እኔም አሥራ አራቱን እርማት ደረቴ ላይ አቅፌ፣ መብራት ሳይሄድ ለመድረስ ወደ ቤት ሮጥኩ።